ማርያም ግንብ ባለቤት አጥቶ እየፈረሰ ነው

ጎርጎራ ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን ያለች ትንሽ ቦታ ናት። ሰው ስሟን የሚያነሣው ወይ በጀልባ ጉዞው ወይ በደብረ ሲና ማርያም ነው፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ «ገበታ ለሀገር» ከመረጣቸው ሦስት ቦታዎች አንዷ በመሆኗ በቴሌቪዥን ደጋግመን አይተናታል። ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሐይቁ በገባ ምድር ላይ፣ ከአራት መቶ ዓመት በፊት የተሠራ የካቶሊክ ቤተክርስቲያን ቆሟል። «ቆሟል» የምለው ለወጉ ነው። ጣሪያው ወድቋል፤ ከቅስቶቹ ብዙዎቹ ተደርምሰዋል፤ በድንጋዮቹ መገጣጠሚያ ቁጥቋጦ በቅሏል። የአካባቢው ሰው ማርያም ግንብ ይለዋል፣ አስጎብኚዎች ደግሞ «የፖርቱጋሎች ግንብ»።

ብዙ ሰው የማያውቀውን ላንሣ። ፋሲል ግቢ በ1979 (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ፣ መዝገቡ ጎንደር ከተማ ውስጥ ባሉት ግንቦች አላበቃም። ከከተማው ውጭ ካሉት መካከል እንፍራዝ አጠገብ ያለው ጉዛራ፣ የጎርጎራው ገዳምና በአፄ ሱስንዮስ ስም የገባው ይኸው ማርያም ግንብ አብረው ተመዝግበዋል። ስለዚህ ስንናገር የምንውለው ስለ ተራ ፍርስራሽ አይደለም። ከፋሲል ግንብ ጋር በአንድ መዝገብ፣ በአንድ ቀን፣ በእኩል ማዕረግ ለዓለም «እንጠብቀዋለን» ብለን ስለፈረምንለት ሕንፃ ነው። አንደኛው በቅርቡ ሰፊ እድሳት ተደርጎለት ተመርቋል። ሌላኛው በየክረምቱ ድንጋይ ይጥላል።

ለምን ይህ ሆነ ቢባል የመንገድ ችግር፣ የበጀት ችግር፣ አሁን ደግሞ የክልሉ የፀጥታ ሁኔታ ይጠቀሳል። ሁሉም እውነት ነው። ግን ሰላም በነበረበትም፣ በጀት በተገኘበትም ጊዜ ተራው አልደረሰውም። እኔ የማምነው ሌላ ነው፤ ማርያም ግንብን የኔ የሚለው ጠፍቷል። ኦርቶዶክሱ ሲያየው፣ ሱስንዮስ ካቶሊክ በሆኑ ጊዜ የፈሰሰው የአባቶቹ ደም ትዝ ይለዋል። ካቶሊኩ ሲያየው ያፍርበታል፤ ስሙ እንዲነሣበት የማይፈልገው ዘመን ነውና። መንግሥት ሲያየው ጥያቄ የሚያስነሣ ታሪክ ያያል። «ፖርቱጋሎች ሠሩት» ብሎ ማለፍ ለሁሉም ይመቻል።

ግን ፖርቱጋሎች ሠሩት?

በ1541 በክሪስቶፎ ዳ ጋማ እየተመሩ የገቡት 400 ያህል ጠመንጃ ያዢ ወታደሮች በርግጥ ፖርቱጋሎች ነበሩ። እነሱ የመጡት ለጦርነት ነው፤ ከግራኝ ጋር ተዋጉ፣ አለቃቸው ተገደለ፣ የተረፉት አግብተው ወልደው አገሬው ሆኑ። ጀስዊቶች፣ ማለትም የኢየሱስ ማኅበር የሚባለው የካቶሊክ ማኅበር ካህናት፣ በ1557 ተከትለው መጡ። ለብዙ ዓመታትም አድዋ አጠገብ ፍሬሞና ባሉት መንደር ተወስነው የእነዚያን ወታደሮች ልጆችና የልጅ ልጆች ከመጠበቅ የዘለለ ሥራ አልነበራቸውም። ነገሩን የቀየረው በ1603 ምጽዋ የገባው ፔድሮ ፓኤዝ ነው። ፓኤዝ ፖርቱጋላዊ አይደለም፤ ማድሪድ አጠገብ ካለች መንደር የተወለደ የስፔን ሰው ነው። የመጀመሪያ ሙከራው ላይ ተይዞ ሰባት ዓመት በየመን በእስር ማቅቋል፤ ለሁለተኛው አርመን መስሎ ገባ። ግዕዝና አማርኛ ተማረ፣ ከነገሥታቱ ጋር ተግባባ፣ በ1618 ግሽ ላይ የዓባይን ምንጭ አይቶ ጻፈ። አፄ ሱስንዮስ ጎርጎራ ላይ ከተማቸውን ሲያደርጉ መሬት ሰጡት፤ እሱም ቤተ መንግሥትና ቤተክርስቲያን ሠራላቸው። መዶሻውንና መሮውን ራሱ እየሠራ፣ እያሳየ፣ የአገሩን ሰው እያሠለጠነ እንደነበር የማኅበሩ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። በ1622 እዚያው ጎርጎራ ሞተ።

ዛሬ ማርያም ግንብ ተብሎ የምናየው ፍርስራሽ ግን የፓኤዝ እጅ ሥራ አይደለም። አስጎብኚዎች ሁልጊዜ ለሱ ይሰጡታል፣ መጻሕፍትም ሲደግሙት ኖረዋል። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የማድሪዱ ኮምፕሉቴንሴ ዩኒቨርሲቲ የአርኪኦሎጂ ቡድን ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር የሱስንዮስ መቀመጫ የነበረውን ደንቀዝን፣ አዘዞንና ጎርጎራን ሲያጠና የደረሰበት ነገር፣ ሕንፃው ፓኤዝ ከሞተ በኋላ፣ በካቶሊኩ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ጊዜ የተነሣ መሆኑን ነው። ፓኤዝ ጎርጎራ ላይ የሠራው በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ነበር። ይህኛው በኖራ ነው።

ኖራው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የነገሩ ቁልፍ እዚያ ነውና። ድንጋይን በጭቃ እያያያዙ ቀጥ ያለ ግድግዳ ማቆም ይቻላል። የአክሱም ዘመን ግንበኞች ድንጋይና እንጨት እያፈራረቁ፣ የእንጨቱን ጫፍ «የዝንጀሮ ራስ» አድርገው ወደ ውጭ እያወጡ ዛሬም የቆሙ ሥራዎች ትተውልናል፤ ደብረ ዳሞን ያየ ያውቀዋል። ሰፊ ቤትን ያለ እንጨት፣ በድንጋይ ብቻ ጎብጦ በሚዞር ጣሪያ መክደን ግን ሌላ ነገር ነው። ቅስት ክብደቱን ወደ ታች ብቻ አይጥልም፤ ግድግዳውን ወደ ጎን ይገፋል። መጀመሪያ በእንጨት ቅርጽ ተደግፎ ይገነባል፤ የመሐል ድንጋዩ ከገባና ማያያዣው ከጠነከረ በኋላ እንጨቱ ይነሣል። ማያያዣው ጭቃ ከሆነ አንድ ክረምት ይበቃዋል። ኖራ ግን በእሳት ከተቃጠለ ድንጋይ ተሠርቶ፣ በውኃ በርዶ፣ ከአሸዋ ጋር ተደባልቆ ከገባ በኋላ ከአየር ጋር እየተዋሐደ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል።

ታዲያ ኖራውን ማን አገኘው? ጀስዊቱ ማኑኤል ደ አልሜዳ ራሱ ሲጽፍ፣ በ1620 አካባቢ ከሕንድ የመጣ ሰው ቀላልና ብል እንደበላው የተቦረቦረ ድንጋይ አይቶ፣ በጉጅራት ለኖራ ከሚሆነው ጋር አንድ ነው እንዳለ ይነግረናል። የሱስንዮስ ዜና መዋዕል ደግሞ የደንቀዙን ቤተ መንግሥት የሠሩትን በስም ይጠራል፤ ባንያኑ፣ ማለትም ሕንዳዊው አብደል ከሪምና ግብፃዊው ሳዳቃ ነስራኒ። ድንጋዩን የፈለጠው፣ ኖራውን ያቃጠለው፣ ውኃውን ከጣና የተሸከመው የደምቢያ ገበሬ ነው፤ ስሙን ማንም አልጻፈውም። ወጪው የንጉሡ ነው፣ መሬቱም የንጉሡ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ «የፖርቱጋል» የሚለው ለየትኛው ድንጋይ እንደሚሰጥ አላውቅም። ከኢትዮጵያ፣ ከሕንድ፣ ከግብፅና ከአውሮፓ የመጣ እጅ አንድ ላይ የሠራው፣ በኢትዮጵያ ንጉሥ ትእዛዝ የተሠራ ቤት ነው። በዚያ ላይ ባህሉ ጉዛራን ለአፄ ሠርፀ ድንግል ይሰጣል፤ ግንብ የመሥራት ፍላጎት ከጀስዊቶቹ ዘመን በፊት ቤተ መንግሥት ውስጥ ነበረ ማለት ነው።

ሕንፃውን ቀርበን እንየው። ግድግዳው በአብዛኛው ያልተጠረበ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ በኖራ የተሞላ። ጌጥ በሚያስፈልግበት፣ በማዕዘኑ፣ በቅስቱ ጠርዝ፣ ከግድግዳው ወጣ ባሉት አምዶች ላይ፣ ለመቅረጽ የሚመች ለስላሳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ገብቷል። ዋናው ነገር ያለው መንበሩ ከነበረበት ክፍል በላይ ነው። ቅስት ጣሪያው በአራት ማዕዘን ጎድጓዳ ሳጥኖች ተከፋፍሎ፣ በየሳጥኑ መሐል አበባ ተቀርጾበታል። ሮም ወይም ሊዝበን ላለ ቤተክርስቲያን የሚበቃ ሥራ ነው። በ1930ዎቹ የተነሡ ፎቶግራፎች ላይ የዚህ ጣሪያና የፊቱ ግድግዳ ብዙ ክፍል ቆሞ ይታያል። አሁን ያ ፎቶግራፍ ከሕንፃው የበለጠ ሙሉ ነው። ዲያብሎስ ሳይሆን ዝናብ፣ ጦርነት ሳይሆን የቁጥቋጦ ሥር ነው ያፈረሰው። ፋሲለደስ ጀስዊቶችን ካባረሩ በኋላ ሦስት መቶ ዓመት ቆሞ የኖረውን እኛ በአንድ ሰው ዕድሜ ጨረስነው።

ደብረ ሲና ማርያም ከዚህ ሩቅ አይደለችም። ሁለቱን በአንድ ቀን ያየ ሰው፣ ስለ አሥራ ሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሃይማኖት ጠብ ከብዙ መጻሕፍት የሚበልጥ ነገር ይረዳል። ደብረ ሲና ክብ ናት፣ በሣር የተከደነች። ከውጭ ወደ ውስጥ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ ከዚያ መቅደስ፤ አንዱ ሌላውን እያቀፈ ይሄዳል። መቅደሱ አራት ማዕዘን ሆኖ መሐል ላይ ይቆማል፣ ግድግዳው በሥዕል ተሸፍኗል፣ በሩ በመጋረጃ ተጋርዷል። ምእመኑ ይከባል፤ አያይም። የሚያየው ሥዕሉን፣ የሚሰማው ዜማውን ነው፤ ምሥጢሩ ከመጋረጃው በስተጀርባ ነው። ማርያም ግንብ ደግሞ አንድ ረዥም አዳራሽ ነው። በሩ ላይ የቆመ ሰው ዓይኑ እስከ መንበሩ ድረስ ይሄዳል፤ የሚያግደው መጋረጃም ግድግዳም የለም። የዚያ ዘመን ጀስዊቶች በሄዱበት ሁሉ የሚፈልጉት ይህንኑ ነበር፤ ሕዝቡ ቅዳሴውን እንዲያይ፣ ስብከቱን እንዲሰማ። ለነሱ ግልጽነት ነው። መጋረጃ ሲከበር ላደገ የደምቢያ ሰው ግን ያ በር የተከፈተለት ሳይሆን የተገፈፈበት ነገር ነበር። ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የተደረገውን ክርክር ስንቱ ገበሬ ተከታትሎታል ብዬ ስጠይቅ መልስ የለኝም፤ የቤተክርስቲያኑን ቅርጽ ግን ሁሉም ዐይቶ ገብቶታል።

ቅርጹ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይለመድ ነበር። በ1617 የኦርቶዶክሱ ጳጳስ አቡነ ስምዖንና የንጉሡ አማች ዮልዮስ ለሃይማኖታቸው ተነሥተው በጦር ሜዳ ወድቀዋል። በ1625 የመጣው ሜንዴዝ ከፓኤዝ ተቃራኒ ሰው ነበር፤ ፓኤዝ የለዘበበትን ሁሉ እሱ በዐዋጅ ሊጨርሰው ፈለገ። በየካቲት 1626 ደንቀዝ ላይ ሱስንዮስ ተንበርክከው ለሮማው ጳጳስ መታዘዛቸውን በመሐላ አረጋገጡ። ከዚያ ካህናቱ ዳግም ይሾሙ፣ ሕዝቡ ዳግም ይጠመቅ፣ ጾሙ ይለወጥ፣ የቀን አቆጣጠሩ ይለወጥ፣ ግዝረት ይቅር ተባለ። አገር ተነሣ። ላስታ በመልክአ ክርስቶስ ስር አመፀ። በሰኔ 1632 ወይና ደጋ ላይ ንጉሡ ድል አደረጉ፤ ግን የወደቁት የገዛ ሕዝባቸው ነበሩ፣ 8,000 ያህል ይባላል። ሱስንዮስ ዐወጁ፤ ሃይማኖት ይመለስ፣ ፋሲል ይንገሥ። በዚያው ዓመት መስከረም ሞቱ፣ አዘዞ ገነተ ኢየሱስ ተቀበሩ። ይህን ታሪክ ማንም እንዲያለዝበው አልፈልግም። ማርያም ግንብ ደጃፍ ላይ ሰሌዳ የሚተከል ከሆነ የወይና ደጋ ሙታን ከመሐንዲሶቹ ስም በላይ መጻፍ አለባቸው።

ነገር ግን የታሪኩን ሁለተኛ ክፍል ዘንግተነዋል። ፋሲለደስ ካህናቱን አባረሩ፤ ኖራውን አላባረሩም። በ1636 ገደማ ጎንደርን ሲቆረቁሩ በአባታቸው ዘመን በደንቀዝ፣ በአዘዞና በጎርጎራ የሠለጠኑ እጆች ነበሩላቸው። ክቡ ግንብ፣ ቅስቱ፣ በኖራ የታሰረው ጥቁር ድንጋይ፣ በማዕዘን የገባው ቀይ ድንጋይ፣ ሁሉም ልምምዱ የተደረገው እዚያ ነው። ጎጃም መርጡለ ማርያም ላይ፣ እቴጌ እሌኒ ባሠሩት ቤተክርስቲያን ቦታ ላይ ጀስዊቶች መልሰው ያነሡት የተቀረጸ ግድግዳ ዛሬም በኦርቶዶክሱ ደብር ቅጥር ውስጥ ይታያል። የሥዕሉን ነገር ስናነሣማ ይብሳል። በየቤተክርስቲያኑ፣ በየቤታችን ግድግዳ የምናያት፣ ልጇን በግራ ክንዷ አቅፋ እጆቿን ያጣመረችው እመቤታችን አሣሣሏ በአብዛኛው የሚመጣው በሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ካለው ሥዕል ነው፤ ቅጂውን ያመጡት ጀስዊቶች ናቸው። አባቶቻችን ሰዎቹን መለሱ፣ ሥዕሏን ግን ተቀበሏት፣ የራሳቸው አደረጓት፣ ዛሬ ከማንም በላይ የኛ ናት። በዚያ ልክ ልበ ሰፊ የነበሩ ሰዎች ልጆች ሆነን አንድ ፍርስራሽ እንዴት እንደከበደን አይገባኝም።

የካቶሊክ ወገኖቼም ከወቀሳው አያመልጡም። የኢትዮጵያ ካቶሊካውያን ታሪካቸውን መተረክ የሚወዱት ከ1839 ጀምሮ ነው፤ ከጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ከአቡነ ዩስቲኖስ ደ ያቆቢስ፣ ከአባ ገብረ ሚካኤል፣ በትግራይ ካሉት ከአሊቴናና ከጓላ። ይገባኛል፤ ደ ያቆቢስ በትሕትና መጣ፣ የግዕዙን ሥርዓት አከበረ፣ ዛሬም ቤተክርስቲያኒቱ የምትቀድሰው በግዕዝ ሥርዓት ነው። የሜንዴዝ ስሕተት በሱ ተስተካከለ ማለት ይቻላል። አባ ገብረ ሚካኤል ደግሞ መርጡለ ማርያም አውራጃ የተወለዱ የጎጃም መነኩሴ መሆናቸውን ስናስብ፣ ልጅ ሆነው የትኛውን ፍርስራሽ እያዩ እንዳደጉ መገመት አያቅትም። ግን ታሪክን ከሚመቸው ገጽ መጀመር አይቻልም። ጎርጎራን የማያነሣ የካቶሊክ ታሪክ ጎዶሎ ነው፤ አንሥቶም ይቅርታ የማይል ደግሞ ከጎዶሎ የከፋ።

ምን ይደረግ ለሚለው፣ «ይታደስ» የሚለውን ቃል እፈራዋለሁ። የወደቀውን ጣሪያ በአዲስ መተካት ማንም አልጠየቀም፤ አይገባምም። የሚያስፈልገው የቆመው እንዳይወድቅ ማድረግ ነው። የግድግዳው አናት ክፍት ሆኖ ውኃ ወደ መሐሉ እየገባ ነው፤ አናቱ መሸፈን አለበት። ቁጥቋጦው መቆረጥ አለበት፤ ሥሩ ግን በጉልበት ከተነቀለ ድንጋዩን ይዞት ይመጣል፤ ቆርጦ እዚያው ማድረቅ ይሻላል። የወደቁት ቅርጽ ያላቸው ድንጋዮች ባሉበት ተቆጥረው፣ ፎቶ ተነሥተው፣ ሳይጓዙ በአንድ መጠለያ መቀመጥ አለባቸው። የተቀረጸ ድንጋይ ጎጆ ቤት መሠረት ውስጥ ከገባ በኋላ ማንም አይመልሰውም።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ሲሚንቶ እንዳይነካው። ጎንደር ላይ በጣሊያን ጊዜ በሲሚንቶና በብረት የተደረገው ጥገና ጉዳት ስላመጣ ኋላ ላይ ተነቅሎ በኖራ መተካት ነበረበት። ሲሚንቶ ውኃውን ግድግዳው ውስጥ ያፍነዋል፣ ከጎኑ ያለውን ለስላሳ ድንጋይ ይሰነጥቃል። ኖራ ይተነፍሳል። በአገራችን የተለመደው አካሄድ ግን፣ አንድ ባለሥልጣን ቦታውን ጎብኝቶ ሲያዝን በሳምንቱ የሲሚንቶ መኪና መላክ ነው። ያንን ከማየት መዘግየቱን እመርጣለሁ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ስፔንም ፖርቱጋልም በዚህ ቦታ ላይ ፍላጎት እንዳላቸው የታወቀ ነው፤ ቢያግዙ ደስ ይለኛል። ግን ቀዳሚው እጅ የኛ ካልሆነ «የፖርቱጋሎች ግንብ» የሚለውን ተረት በራሳችን ፊርማ አጸደቅነው ማለት ነው። ጎርጎራ ላይ ለእንግዳ የሚሆን አልጋ ተዘጋጅቷል፤ እዚያ ያደረ ሰው በጀልባ ጥቂት ጊዜ ቢሄድ ማርያም ግንብ ይደርሳል። ከክፍሉ ኪራይ ላይ ለቅርሱ የሚቀር አነስተኛ ድርሻ በደንብ ቢወሰን ሦስት ቋሚ ጠባቂ የአካባቢ ወጣቶችን መክፈል፣ አናቱንም ከሚቀጥለው ክረምት በፊት መሸፈን ይቻላል። በፋሲል ግቢ በኖራ ሲሠሩ የከረሙ ግንበኞች ጎንደር አሉ። ጸጥታው ፋታ የሰጠ ቀን የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን የመጀመሪያውን ቡድን መላክ ያለበት ወደዚያ ልሳነ ምድር ነው፤ ከቡድኑ ጋርም አንድ የደብረ ሲና ካህንና አንድ የካቶሊክ ካህን ቢሄዱ፣ ሰሌዳው ላይ ምን እንደሚጻፍ እዚያው ቆመው ይከራከሩ።